የሞቀ ብረት አይለካም

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን በትክክል የማውቀው ልደት ስለሚከበርልኝ አይደለም። አባቴ በወርክሾፑ የበር መቃን ላይ በየዓመቱ አንዳንድ ጭረት በብረት ይጭርልኝ ስለነበር ነው። ሃያ አንደኛዋን የጫርኳት ግን እኔው ነኝ። የእሱ እጅ በዚያ ዓመት አልታዘዝ ብሎት ነበር።

ወርክሾፕ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ፣ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። አንዱ ክፍል መኝታችን፣ አንዱ ደግሞ የቶርኖው ነው። በሁለቱ መሃል መጋረጃ ብቻ አለ። ቶርኖ የማታውቁ ካላችሁ፣ ብረት እየተሽከረከረ ስለት ሲነካው እንደ ብርቱካን የሚላጥበት ማሽን ነው። የእኛው ትንሽ ነበር፤ ርዝመቱ ከአንድ ሰው አልጋ አይበልጥም። አባ ከባቡር ሥራ ጡረታ ሲወጣ ከተማውን ለቆ ከሚሄድ አንድ ግሪካዊ የገዛው ነው። በባቡሩ ዘመን “ሼፍ ዩሱፍ”፣ አለቃ ዩሱፍ እንደማለት፣ ይሉት ስለነበር ሰፈሩም እስከ መጨረሻው በዚሁ ስም ጠራው።

እናቴ የጀልዴሳ ሰው ነበረች፤ በልጅነቴ ሞተችብኝ። አባ ትምህርት ቤት ከሚልከኝ ሰዓት ይልቅ ከቶርኖው አጠገብ የሚያስቆመኝ ሰዓት ይበዛ ነበር። ፊደሉን ከጋዜጣ ላይ ራሴ ለቅሜ ለመድኩ፣ ብረቱን ከእሱ። ሲያስተምረኝ ከሁሉ በላይ የሚደጋግማት አንዲት ቃል ነበረች፤ “ቆይ”። ስለቱን ላስጠጋ ስል፣ ቆይ። ልለካ ስል፣ ቆይ።

“ዘይኑ፣ የሞቀ ብረት ውሸታም ነው” ይለኝ ነበር። “ሲቆረጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ያብጣል። ስትለኪው ወፍራም ነኝ ይልሻል። አምነሽው ትጨምሪና ትቆርጪዋለሽ። ሲቀዘቅዝ ከስቶ ታገኚዋለሽ። የተቆረጠ ብረት ደግሞ አይቀጠልም።”

ስለዚህ የመጨረሻዋን ስስ ቁርጥ የምንቆርጠው ሁልጊዜ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነበር፤ ብረቱ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ፣ ፀሐይዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሳትነካው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

በኋላ የአባ ዓይኖች ላይ ሞራ ወጣባቸው። መለኪያው ላይ ያሉት መስመሮች እየጠፉበት ሄዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ ይቀበላል፣ እሱ ያስረክባል፣ እሱ ይመረቃል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ሐሜት ፈርተን ነው። ሴት ልጅ ብረት ስትልጥ ማን አይቶ ያውቃል? “የሼፍ ዩሱፍ እጅ አላረጀም” ሲሉ እየሰማሁ ከንፈሬን ነክሼ እስቅ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ያናድደኝም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን አባ ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ፣ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አንደበቱም ተያዘ። ከቃላት ሁሉ የቀረችለት አንዲት ብቻ ናት፤ “ቆይ”። ውሃ ሲጠማው ቆይ፣ ሲያመው ቆይ፣ ሲስቅም ቆይ። ሐኪሙ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል አለኝ። እኔ ግን ከሁሉም ይቺ የቀረችው አብዝቶ ስለተጠቀመባት ይመስለኛል።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ሼፍ ዩሱፍ እጁን እንደማያንቀሳቅስ አወቀ። ወሬው ቀበሌ ደረሰ።

የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ጓድ ታደሰ ከፊት፣ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ጠመንጃ አንግተው ከኋላ። ጓድ ታደሰ ከደጋ ተመድቦ የመጣ ካድሬ ነው፤ ድሬዳዋ ከገባ ገና ሦስት ወሩ። አብሯቸው የገባውን ሳይ ነው የደነገጥኩት። አዴሮ ሙሜ ነበር፣ አዴሮ የምለው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ።

ጓድ ታደሰ ቶርኖውን ዞሮ አየው። በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ።

“ባለሙያው አልጋ ላይ ነው” አለ። “ሥራ የፈታ ማሽን የሰፊው ሕዝብ ነው። ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይዛወራል። የቤተሰቡ ወኪል ፈርሟል።”

“ማነው ወኪሉ?” አልኩ።

አዴሮ ሙሜ ወደ መሬት አየ። “ምን ላድርግ ዘይኑ? ያለ ይለፍ ወረቀት መኪናዬ ከከተማ አይወጣም። ወረቀቱን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ይሄ ደግሞ የሞተ ብረት ነው።”

“ብረቱ አልሞተም። እኔ እሠራበታለሁ።”

ከጥበቃዎቹ አንዱ ፈገግ አለ። “አቦ! ምን ትሠሪበታለሽ? ሳምቡሳ?”

ሁሉም ሳቁ። አዴሮም ትንሽ ሳቀ፤ ያቺን ሳቁን ለረጅም ጊዜ አልረሳኋትም።

አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ባይኖር ዝም እል ነበር ይሆናል። ግን ቃሉ ካፌ ወጣ።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት የወጣው ብረት ሁሉ የእኔ ነው” አልኩ። “የአባዬ ዓይን አያይም ነበር። ጓድ ታደሰ፣ የቀበሌው ወፍጮ ከቆመ ስንት ቀኑ ነው?”

ፊቱ ተለወጠ። ወፍጮው ከቆመ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ዘንጉ ተበልቶ፣ ማኅበሩ ሁለት ጊዜ አዲስ አስቆርጦለት ሁለቱም ጊዜ ዘንጉን ይዞ በሚያሽከረክረው ቀለበት፣ በኩሽኔታው ውስጥ ላላ፤ ገብቶ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መጮህ፣ ከዚያ መቆም። የሰፈሩ ሴቶች እህል ተሸክመው እስከ ሳቢያን ይሄዳሉ። ጓድ ታደሰ በዚህ ከበላይ ሲጠየቅ መክረሙን ሁሉም ያውቃል።

“ዘንጉን እኔ እቆርጠዋለሁ” አልኩ። “ከገጠመ ማሽኑ ከዚህ አይነቃነቅም። ካልገጠመ ውሰዱት።”

“ዝም በይ አንቺ!” አለ አዴሮ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከአልጋው፣ የአባ ድምፅ መጣ፦ “ቆይ!”

ጓድ ታደሰ ወደ መጋረጃው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። “ይሁን። ነገ፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ባለሙያ አስመጥቼ አስፈትሻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልገጠመ ይጫናል። ሙሜ፣ መኪናህን በር ላይ ታቆማለህ።”

“ንጋት ላይ ቢሆንስ?” አልኩት። “ጓድ፣ በዚህ ከተማ በስድስት ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።”

“አብዮት ጥላ አይፈልግም” አለና ወጣ።

የዚያን ቀን የቀረውን ሰዓት በማሽኑ ላይ ዋልኩ። አባ ከወደቀ ወዲህ የማሽን ዘይት አጥቼ በሰሊጥ ዘይት ነበር የማለሰልሰው፤ እሱ ደግሞ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ስለቱን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተትበትን ሀዲድ በላምባ አጠብኩት። በየስንጥቁ የገባውን የብረት ፍቅፋቂ በዶሮ ላባ አወጣሁ። የላላውን አጠበቅሁ፣ ማሽኑን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ቺንጋ ወጠርኩ። አንዲት ስኒ ንጹሕ የማሽን ዘይት ብቻ ነው የጎደለኝ። መኪናውን በር ላይ ሊያቆም የመጣውን አዴሮን ለመንኩት። ከወንበሩ ሥር ሙሉ ጣሳ እንዳለ አውቃለሁ።

“ለሞተ ብረት ዘይት የለኝም” አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ነገ ሰው ፊት አትውጪ። የዩሱፍን ስም አትጣይ።”

ዘይት የሰጠችኝ ሃሊማ ናት፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤታችን፤ እሱም ያው የሰሊጥ ዘይት ነው። “አባዮ” አለችኝ፤ በቋንቋዋ እህቴ ማለቷ ነው። “ሌላ የለኝም። ነገ ግን እቀመጥልሻለሁ” አለችኝ። እንዳለችውም በማግስቱ በርጩማዋን ይዛ ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ተቀመጠች።

በስድስት ሰዓት ቆርቆሮው ይንጣጣ ነበር። ሰው ግቢውን ሞልቶ እስከ መንገዱ ደርሷል። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት በሯን ዘግታ የምትተኛ ከተማ ናት፤ ያን ቀን ግን ማን ይተኛል? የአዴሮ መኪና አፍንጫዋን ወደ በራችን አዙራ ቆማለች። እሱ መሪው ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ አያይም።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የአባን ቱታ ለበስኩ። በድሪያ ቶርኖ አይሠራም፤ ያቺ ስስ ሰፊ ቀሚስ አንዴ ከተያዘች ማሽኑ ሰው ይዞ ይጠቀልላል። ሁለት ዓመት የሠራሁት በዚህ ቱታ ነው፣ ማንም ሳያየኝ። ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ፣ እጅጌዬን ጠቀለልኩ፣ የአባን ግንባር ሳምኩት። “ቆይ” አለኝ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ከዚያ አንዷ ሴት “ወይኔ፣ ሱሪ!” አለች።

“አዎ ሱሪ!” አለች ሃሊማ ከበርጩማዋ ሳትነሣ። “የባልሽን የለበሰች መሰለሽ እንዴ? ያንቺ ባል ሱሪ ለብሶ ምን ሠራ?”

ግቢው ሳቀ፤ እኔንም ቀለል አለኝ። መጋረጃውን በሙሉ ወደ ጎን ሰበሰብኩት፤ አባ ከአልጋው ሆኖ ባያይ እንኳ ይስማ ብዬ።

ከሁርሶ የመጣው አስር አለቃ ግርማ ይባላል። ደረቅ፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። አዲሱን ኩሽኔታ ከወረቀቱ አወጣ፣ ጥላ ላይ አስቀመጠው። “የዘንጉ ጫፍ አርባ ሚሊሜትር፣ ልክ” አለ። 

ሞተሩን አስነሣሁ። ስለቱ ብረቱን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ይዘምራል፣ ካልሆነ ያጉረመርማል። ዘመረ። ልጣጩ እየተጠማዘዘ፣ እየጨሰ፣ እግሬ ሥር ይወርዳል። አንዷ ቁራጭ ክንዴን አቃጠለችኝ፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥላል። ያ “ሳምቡሳ” ያለው የጥበቃ ልጅ ቀስ በቀስ እየተጠጋ መጥቶ አፉን ከፍቶ ያያል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ስለቱን መለስኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ።

“አለቀ?” አለ ጓድ ታደሰ።

“ተዉት፣ ይቀዝቅዝ።”

አስር አለቃ ግርማ ግን የራሱን መለኪያ አወጣ። በጨርቅ ይዞ ለካ፣ ደግሞ ለካ። “በሚሊሜትር ሁለት መቶኛ ይበልጣል” አለ። የፀጉር ሩብ ማለት ነው። “እንዲህ ሆኖ ኩሽኔታው አይገባም። ሁለት መቶኛ ቁረጪ።”

“ቁረጪ!” አለ ጓድ ታደሰ።

“አልቆርጥም።”

አስር አለቃው ቀና አለ። “ምን አልሽ?”

“አልቆርጥም ጌታዬ። ሞቋል። የሞቀ ብረት አይለካም።”

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እርግጠኛ አልነበርኩም። የአባን ሕግ አውቃለሁ፣ ግን በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ በሞቀ ብረት ላይ የመጨረሻዋን ቁርጥ ቆርጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ንጋትን ጠብቀን ነው። ምን ያህል እንደሚያብጥ ገምቼ፣ ያን ያህል አትርፌ ነው የቆምኩት። ግምቴ ከተሳሳተ፣ ወፍራም ከሆነ ሰዓት የለኝም፤ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ብረቱም አለቀ፣ ቶርኖውም ሄደ። ቶርኖው ሲወጣ የአባ ነፍስ አብራው እንደምትወጣ አውቅ ነበር።

ጓድ ታደሰ ሰዓቱን አየ። “ባለሙያው ቁረጪ እያለሽ እምቢ ማለት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? አሻጥር ይባላል። አሻጥር የት እንደሚያስገባም ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

በርጩማ ስቤ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ። “ማኅበሩ ያስቆረጣቸው ሁለት ዘንጎች በሞቀ ነው የተለኩት፤ ለዚህ ነው ሁለቱም የላሉት። እኔ ሦስተኛ አላላላም። ብታስሩኝም ከቀዘቀዘ በኋላ እሰሩኝ።”

ከግቢው ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ “ልጅቷ ፈርታ ነው” አሉ። አንዷ ደግሞ “አላህ ይድረስላት” አለች። ጓድ ታደሰ በመሃረብ አንገቱን እየጠረገ ቆርቆሮው ሥር ይመላለሳል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ራሱ የመረጠው ሰዓት ራሱን እየቀቀለው ነው። ሃሊማ ከሱቋ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። “ጠጣ ጓድ። አንተም ቀዝቅዝ” አለችው። ሰው ሳቁን አፈነ።

ስምንት ተኩል ሆነ። ዘንጉን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ገና ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጓድ ታደሰ ትዕግሥቱ አለቀ። “በቃ! ብሎኖቹን ፍቱ!” አላቸው ጥበቃዎቹን። አንደኛው መፍቻ ይዞ ገባ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በማሽኑና በእሱ መሃል ቆምኩ። ምንም አልያዝኩም፤ ቆምኩ ብቻ። ውጭ የአዴሮ መኪና በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ፤ ሊጭን የወረደ መሰለኝ።

ከአልጋው አባ ጮኸ፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። “ቆይ! ቆይ! ቆይ!”

መፍቻ የያዘው ልጅ ባለበት ቀረ።

አስር አለቃ ግርማ ወደ አልጋው አየ። “ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው?”

“አዎ።”

“የባቡር ሰው?”

“የባቡር ሰው።”

መለኪያውን እንደገና ከሳጥኑ አወጣ። “ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ ጓድ” አለና ጎንበስ አለ። ለካ። ዞር አድርጎ በሌላ በኩል ለካ። ሦስተኛም ለካ። እኔ የማየው የማጅራቱን ላብ ብቻ ነው።

ቀና ብሎ መለኪያውን በሁሉም ፊት ከፍ አደረገው። ማንም ሊያነበው እንደማይችል እያወቀ፣ እንዲያው ለክብሩ።

“አርባ” አለ። “ልክ አርባ።”

ኩሽኔታውን እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጫፉ ላይ አስቀምጬ፣ በእንጨት ደግፌ ዙሪያውን መታ፣ መታ አደረግሁት። ጥብቅ ብሎ፣ ሳይጎረብጥ፣ ቀስ እያለ ገባ። አስር አለቃው በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ከሃሊማ አፍ የወጣው እልልታ ከመጋላ እስከ ከዚራ የተሰማ ይመስለኛል።

ጓድ ታደሰ አላመሰገነኝም። “ማሽኑ ለጊዜው እዚሁ ይቆያል” አለና ጸሐፊውን ጠርቶ እንዲመዘግበኝ አዘዘ። ጸሐፊው ስሜን ጻፈ፤ ከሥሩ “ሥራ፦ የቤት ልጅ” ብሎ ጻፈ። ፊደል ራሴ እንደለመድኩ ነግሬያችሁ የለ? አነበብኩት።

“ሰርዘው” አልኩት።

“ምን ልበል ታዲያ?”

“ቶርኖ ሠራተኛ።”

ወደ ጓድ ታደሰ አየ። ጓድ ታደሰ ወደ ቆርቆሮው አየ። ሰርዞ ጻፈ።

“ለጊዜው” ያሉት ቶርኖ ዛሬም እዚያው ቤት ነው። እነሱ ሄደዋል፣ ማኅበሩም ፈርሷል። አባ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። በየንጋቱ ሞተሩን ሳስነሣ ከአልጋው “ቆይ” ይለኛል፣ እኔም “እሺ አባ” እለዋለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ መጋረጃውን መልሼ አልዘጋሁትም። ደንበኛ ሲመጣ የምቀበለው እኔ፣ የማስረክበው እኔ፣ የምመረቀውም እኔ ሆንኩ። ሐሜቱ? ነበረ እንጂ! ለአንድ ዓመት ያህል “ሱሪዋ” ይሉኝ ነበር። ማረሻቸውን ተሸክመው ከቢዮ አዋሌ ድረስ የሚመጡት ሰዎች ግን የሱሪ ጉዳይ አልነበራቸውም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ልጃገረዶቹ፣ ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ፈርቼ ነበር፤ ለዚህም ነው የተቀመጥኩት። ግን ሰው ሁሉ “ቶሎ በይ” ሲላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘውም፣ መለኪያ የያዘውም፣ ዘመዳችሁም ሲላችሁ፣ የምታውቁትን ይዛችሁ መቀመጥ እምቢታ ነው። እኔ ከዚያ የበለጠ እምቢታ አልሠራሁም። እጄን አጣምሬ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ።

አዴሮ ሙሜ የዚያን ቀን ሳይሰናበተኝ መኪናውን አዙሮ ሄደ። ማሽኑ ሳይጫን ስለቀረ የይለፍ ወረቀቱን ለሁለት ወር ከለከሉት። ሁለት ወሩ አልቆ ከመጀመሪያ ጉዞው በተመለሰ ማግስት፣ ንጋት ላይ፣ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ እሱ የለም። ደፉ ላይ አንድ ሙሉ ጣሳ የማሽን ዘይት ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ አንድ ጣሳ ያስቀምጥ ነበር።